ሰው የነበረበት ጫካ

በ1929 ፕሬዝዳንት ሄርበርት ሁቨር ከዋይት ሐውስ ወጣ ብለው የሚሠሩበት ጫካ አስፈለጉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መስፈርቶቻቸው ሦስት ነበሩ፦ ከዋሽንግተን ከ100 ማይል የማይርቅ፣ ትንኝ እንዳያስቸግር ከባሕር ወለል በላይ ቢያንስ 2,500 ጫማ ከፍታ ያለው፣ ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚጠመድበት ጅረት ያለበት። ሁቨር ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የማዕድን መሐንዲስ ነበሩ። ያስታውቃል። ምህንድስና የተማረ ሰው እረፍት ሲወጣ እንኳ መጀመሪያ መስፈርት ነው የሚጽፈው።

ቦታው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ፣ የራፒዳን ወንዝ ከሚነሳበት አካባቢ ተገኘ። መሬቱንና የግንባታውን ዕቃ ሁቨር ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ጉልበቱ ግን የባሕር ኃይል ወታደሮች ነበር፤ መንገድ ጠረጉ፣ ከእንጨት 13 ቤቶች ሠሩ። ወጥ ቤቱን የያዙት ከፕሬዝዳንቱ መርከብ የመጡ ፊሊፒናውያን ናቸው። የስልክ መስመር ተዘረጋ። ፖስታ ደግሞ በአውሮፕላን ይጣል ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴ ማክዶናልድ እዚያ ድረስ ሄደው፣ ሁለቱ መሪዎች ወንዙ ዳር ግንድ ላይ ተቀምጠው የጦር መርከብ ስለመቀነስ ተነጋገሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ግንድ ላይ ተቀምጦ መነጋገርም ሌላ ትርጉም ያዘ።

እንግዲህ ዛሬ "ሪሞት" የምንለው ሥራ ይሄው ነው። ስልክ፣ የዳታ መስመር (ያኔ አውሮፕላን)፣ ስብሰባ፣ እና ከመስኮቱ ውጪ ዛፍ። ልዩነቱ ያኔ ይህን ለማድረግ ፕሬዝዳንት መሆን ያስፈልግ ነበር።

እኔ ደግሞ ባለፈው መኸር ለሁለት ሳምንት አርቪ ተከራየሁ። አርቪ ለማታውቁ፦ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው፣ ቤትም መኪናም የሆነ ነገር ነው። አብሮኝ የሚሠራው ቡድን በአራት ከተማ የተበተነ ስለሆነ የት ሆኜ ኮድ እንደምጽፍ የሚጠይቀኝ የለም። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ስትሰማ ደነገጠች። "ጫካ ገባህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእኛ ቋንቋ ጫካ የሚገባው የሸፈተ ሰው ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ እንዳለኝ ስነግራት "ጫካ ውስጥ ደግሞ ምን ስብሰባ አለ?" ብላ ዘጋችው።

የሄድኩት ሁቨር ወደመረጡት ተራራ ነው፤ አሁን ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። የፓርኩ ጀርባ አጥንት ስካይላይን ድራይቭ የሚባል፣ በተራራው ጫፍ ጫፍ የሚሄድ 105 ማይል መንገድ ነው። ከሰሜን ከገባችሁ 32ኛው ማይል ላይ ዐለት ተበስቶ የተሠራ ዋሻ አለ፤ የሚያሳልፈው ቁመት 12 ጫማ ከ8 ኢንች። አርቪ የሚነዳ ሰው ይህን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥሩ ነው የሚያውቀው። ጣሪያው ላይ ያለውን ኤር ኮንዲሽነር ጨምሬ በሜትር ለክቼ ነው የገባሁት፤ እንዲያም ሆኖ ስገባ ጎንበስ ብያለሁ።

ያደርኩበት የካምፕ ቦታ 57ኛው ማይል ተኩል ላይ ነው፣ ሉዊስ ማውንቴን ይባላል። የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለውም፤ ጄኔሬተርም የሚፈቀደው በተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ላፕቶፑ 60 ዋት ገደማ፣ የሳተላይት ኢንተርኔቱም ያንኑ ያህል፤ ስምንት ሰዓት ስትሠሩበት ወደ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። አንድ ጥሩ የሊቲየም ባትሪ ይችለዋል፣ ነገ ፀሐይ ከወጣች። ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ሳተላይቱ ሰማይ ይፈልጋል፤ ጫካ ደግሞ ሰማይ ይጋርዳል። ኦክ ዛፍ ሥር ሆናችሁ ቪዲዮ ስብሰባ ብትሞክሩ የአለቃችሁ ፊት በየሃያ ሴኮንዱ ይደርቃል። ስለዚህ አስፈላጊ ስብሰባ ሲኖረኝ መኪናዬን አስነስቼ ቢግ ሜዶስ ወደሚባለው ሜዳ እሄድ ነበር። ዛፍ የሌለበት ሰፊ ገላጣ ነው፤ ሰማዩ ሙሉ ለሙሉ ይታያል።

ታዲያ በጫካ በተሞላ ተራራ መሃል ያ ሜዳ ለምን ዛፍ አልበቀለበትም? ጥያቄው የመጣብኝ ስብሰባ እየጠበቅሁ ነው። መልሱ ሰው ነው። ነባር ሕዝቦች ለአደን እያቃጠሉ፣ በኋላም የከብት ባለቤቶች እያስጋጡ ገላጣ አድርገው አቆዩት፤ ዛሬ ደግሞ ፓርኩ ራሱ እያጨደና እያቃጠለ ይጠብቀዋል። ኔትወርክ ያገኘሁት ሰው በከፈተው ሰማይ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን ጫካ እንደ ጫካ ማየት አቃተኝ።

ወደ ሁቨር ልመለስና፣ በነሐሴ 1929 ልደታቸው ቀን አንድ የተራራ ልጅ ኦፖሰም የምትባል ትንሽ አውሬ በስጦታ ይዞላቸው መጣ። ሲያጫውቱት ልጁ ትምህርት ቤት እንደማይሄድ ሰሙ፤ በአካባቢው ትምህርት ቤት የለም። ሁቨርና ባለቤታቸው ሉ ሄንሪ ትምህርት ቤት እንዲሠራ አደረጉ፣ በ1930 መጀመሪያ ተከፈተ። ጋዜጦቹ ወደዱት። እኔ የምወደው ግን ታሪኩ ሳያስበው የሚነግረንን ነው፦ ፕሬዝዳንቱ ከሰው ለመራቅ የሄዱበት ጫካ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ያህል ልጅ ነበረው።

ኮንግረስ የሸናንዶዋን ፓርክ የፈቀደው በ1926 ነው። በምዕራብ አሜሪካ ያሉት ትልልቅ ፓርኮች የተከለሉት በአብዛኛው ከፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ነበር (ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑን ሳንረሳ)። ምሥራቁ ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ጋሻ ባለቤት አለው። በስምንት አውራጃዎች ውስጥ የተበጣጠሰ እርሻ፣ የፖም ማሳ፣ ወፍጮ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብር። ከአንድ በአንድ ባለርስት ጋር ከመደራደር ይልቅ ቨርጂኒያ በ1928 ሕግ አወጣች፤ ለፓርኩ የሚፈለገውን መሬት ግዛቱ ገምቶ፣ ከፍሎ፣ ባለቤቱ ባይስማማም የሚወስድበት ሕግ ነው። ከዚያ ለፌዴራል መንግሥት በስጦታ ያስረክባል። ሮበርት ቪያ የሚባል ባለመሬት ተከራክሮ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰ፤ በ1935 ተረታ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፓርኩ በይፋ ተቋቋመ።

የተነሱት ሰዎች ወደ 500 ቤተሰብ ይጠጋሉ። ገንዘብ ያገኘው ባለርስቱ ነው፤ በሰው መሬት ላይ የሚያርሰው ጭሰኛ ግምት የለውም። የተወሰኑት መንግሥት በሠራላቸው ሰፈር እንዲገቡ ተደረገ፤ የቀረው ራሱ ያውቃል። አንድ ነዳጅ ማደያ የነበራቸው ሰው አልወጣም ብለው በረንዳቸው ላይ ቆመው የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ዘመሩ፤ ፖሊሶቹ በካቴና አስረው አወጧቸው። ለመኪና ተጓዥ ተብሎ በሚሠራ ፓርክ ነዳጅ ቀጂው ተነቀለ፤ እዚህ ላይ ምን ይባላል።

ከነገሩ ሁሉ የሚከነክነኝ አቀራረቡ ነው። በ1933 "ሆሎው ፎክ" የሚል መጽሐፍ ወጣ፤ የሸለቆውን ሰዎች ከዓለም የተቆራረጡ፣ ወደኋላ የቀሩ አድርጎ የሚስል። ከዋሽንግተን የግማሽ ቀን መንገድ ላይ የሚኖሩ፣ ፖምና ከብት ገበያ የሚያወርዱ፣ የቼስትነት ልጣጭ ለቆዳ ፋብሪካ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ቼስትነቱን በሽታ ጨረሰው፣ በ1930 ድርቅ መጣ፣ ድህነቱ እውነት ነበር። ግን "ድሃ" እና "የተረሳ" አንድ አይደሉም። ሰውን ከቦታው ለማንሳት መጀመሪያ ቦታው ሩቅ ነው ተብሎ መጻፍ አለበት። እኛም "ጠፍ መሬት" የምንለው ቃል አለን፤ ብዙ ጊዜ መሬቱ ጠፍ የሚሆነው ወረቀቱ ላይ ነው።

(እዚህ ላይ ግጭን ሳላስብ አላልፍም። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ከተነሱ በኋላ ነው ፓርኩ በ2017 ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ የወጣው። ለዋሊያዋ ደስ ይለኛል፤ ከልቤ። ፎቶው ላይ ግን "ሰው ያልደረሰበት" የሚል ስታነቡ ቆም በሉ።)

መንገዱም ቢሆን ሰው ነው የሠራው። ስካይላይን ድራይቭ በ1931 በሁቨር ጊዜ ሲጀመር በቀን ሥራ ከተቀጠሩት ውስጥ ድርቅ ምርታቸውን ያጠፋባቸው የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። ቤታቸውን የሚያስለቅቃቸውን ፓርክ መንገድ በአካፋ የቆፈሩ አሉ ማለት ነው። ከ1933 ጀምሮ ደግሞ የሩዝቬልት ሲ.ሲ.ሲ. ወጣቶች መጡ፤ በወር 30 ዶላር፣ ከሱ ላይ 25ቱ ለቤተሰብ የሚላክ። የድንጋይ አጥሮቹን ገነቡ፣ ዛፍና ቁጥቋጦ ተከሉ፣ ዕይታ የሚከፍቱ ቦታዎችን ጠረጉ፣ ሰው የወጣባቸውን ቤቶች አፈረሱ፣ አቃጠሉም። ዛሬ መኪና አቁመን ፎቶ የምናነሳባቸው ቦታዎች ንድፍ ወጥቶላቸው የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በ1976 ኮንግረስ ከፓርኩ 79,000 ኤከር የሚሆነውን "ዊልደርነስ"፣ ማለትም የሰው እጅ የማይታይበት ዱር፣ ብሎ መደበው። ገበሬው ከወጣ 40 ዓመት ገደማ። ለዱርነት አጭር ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ ሉዊስ ማውንቴን። ካምፑን የመረጥኩት ትንሽና ጸጥ ያለ ስለሆነ ነው። ታሪኩ ግን ከፓርኩ ሁሉ የሚለይ ነው።

የአሜሪካ አርቪ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በደስታ ነው የሚነገረው። ፒርስ አሮው ኩባንያ በ1910 ውስጡ አልጋ የሚሆን መቀመጫ ያለው መኪና ለሀብታሞች አቀረበ፤ ከዚያ ፎርድ ሞዴል ቲ ረከሰና ተራው ሰው ድንኳን ጭኖ መውጣት ጀመረ፤ በ1930ዎቹ ተጎታች ቤቶች በዙ። የነፃነት ታሪክ ነው፦ የባቡር ሰዓት የለም፣ የሆቴል ዋጋ የለም፣ መሸብህ ታድራለህ። ለጥቁር አሜሪካዊም መኪና ትልቅ ነገር ነበር፤ ቢያንስ በዘር ከተከፋፈለው የባቡር ፉርጎ ያድናል። ግን ሲመሽ የት ያድራል? ነዳጅ ሲያልቅ ማን ይቀዳለታል? ቪክቶር ግሪን የሚባል የኒውዮርክ ፖስተኛ ጥቁር ተጓዥ የሚስተናገድባቸውን ቤቶች የሚዘረዝር መጽሐፍ ከ1936 ጀምሮ ያሳተመው ለዚህ ነው። "ግሪን ቡክ" የምትሉት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ቢግ ሜዶስ ላይ ቆመው ሸናንዶዋን ለሕዝብ መረቁ። እኔ ስብሰባ የምገባበት ሜዳ ላይ።

መሬቱ የፌዴራል ነው፤ ደንቡ ግን "የአካባቢውን ልማድ" ተከተለ፣ ልማዱም የቨርጂኒያ ነው። ስለዚህ ለጥቁሮች ለብቻቸው አንድ ቦታ ተመደበ፣ በ1939 ሥራ ጀመረ። መግቢያው ላይ "የሉዊስ ማውንቴን የኔግሮ ሥፍራ" የሚል የእንጨት ምልክት ቆመ፤ ከሥሩ ቡና ቤት፣ ጎጆ፣ የካምፕ ቦታ፣ የሽርሽር ቦታ ብሎ ይዘረዝራል። ፊደሉ እንደ ሌሎቹ የፓርኩ ምልክቶች ሥርዓት ባለው መንገድ የተቀረጸ ነው። ፎቶግራፉን ያየሁት አርቪው ውስጥ፣ ማታ፣ ራት እየሠራሁ ነው፤ ምልክቱ ቆሞበት ከነበረው መግቢያ ትንሽ እልፍ ብዬ።

ጥላቻ በጩኸት ሲመጣ ለማወቅ ይቀላል። ይሄኛው በፕላን፣ በበጀት፣ በጥሩ አናጢ የመጣ ነው። አንድ መሐንዲስ ተቀምጦ የመኪና ማቆሚያውን ስፋት በዘር ለይቶ አስልቷል። ሙያዬ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ከሁሉም በላይ እሱ ያቆመኛል። አንድ ሰው መስፈርቱን ጻፈ፣ ሌላው ነደፈ፣ ሌላው ገነባ፤ ሥርዓቱ ያለ ምንም ኤረር ሠራ።

ሁሉም ግን ዝም አላለም። የአገር ውስጥ ጉዳዮች ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ፣ ቀድሞ በቺካጎ የጥቁሮች መብት ማኅበር ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ.ን የመሩ ነጭ፣ ዊልያም ትሬንት የሚባል ጥቁር አማካሪ ነበራቸው። ትሬንት መሥሪያ ቤቱን ወጥሮ ያዘ፤ መሬቱ የሁሉም ግብር ከፋይ ከሆነ የግዛቱ ልማድ ምን አገባው? መጀመሪያ አንድ የሽርሽር ቦታ፣ ፒናክልስ የሚባለው፣ ለሙከራ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ነዳጅ በራሽን ሆነ፣ ፓርኩ ቀዘቀዘ። ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1947 ጀምሮ፣ ምግብ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ በ1950 በመላው ፓርክ ልዩነቱ ቀረ።

1950ን በቦታዋ እናስቀምጣት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት የዘር ልዩነትን የሻረው በ1954 ነው። ቨርጂኒያ ከዚያም በኋላ እምቢ አለች፤ ፕሪንስ ኤድዋርድ የሚባለው አውራጃ ጥቁርና ነጭ ልጅ አብሮ ከሚማር ብሎ የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ከ1959 እስከ 1964 ዘጋ። በ1961 የቻድ አምባሳደር ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ ሜሪላንድ ውስጥ በ40 ቁጥር መንገድ ላይ ምግብ ቤት አናስተናግድም ተብለዋል። አምባሳደር! እኛ ሐበሾች በዋሽንግተን ዙሪያ በብዛት የሰፈርነው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው፤ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ በሮቹ ተከፍተው ነበር። እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ታሪክ "የነሱ" ብሎ ለማለፍ ይቀለዋል። ግን ምልክቱ ፓስፖርት አይጠይቅም ነበር። በ1945 ያንን አርቪ ይዤ ብመጣ የምመራው ወደዚያው ወደ ሉዊስ ማውንቴን ነው፤ ከየት መጣህ የሚለኝም አይኖርም።

በመጨረሻው ቅዳሜ ላፕቶፑን ዘግቼ ወደ ሁቨር ካምፕ በእግሬ ወረድኩ፤ ከመንገዱ ሁለት ማይል ገደማ ነው። ከ13ቱ ቤቶች ሦስቱ ቀርተዋል። ሥልጣናቸው ሲያበቃ ለፓርኩ ሰጥተውት ሄደዋል። ሩዝቬልት አንድ ጊዜ መጥተው አይተውት ነበር፤ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ቦታው አባጣ ጎርባጣ ነው፣ ስለዚህ በ1942 ሜሪላንድ ተራራ ላይ ሌላ አስመረጡ፤ ዛሬ ካምፕ ዴቪድ የሚባለው ነው። የሁቨር በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። በ1929 የነበረው ስልክ ይሻል ነበር።

ሲነሱ ዕድሜያቸው የገፋ ጥቂት ሰዎች እስኪሞቱ በቤታቸው እንዲቆዩ ተፈቅዶላቸው ነበር። የመጨረሻዋ አሮጊት ያረፉት በ1979 ነው። የቀሩት ሰዎች ለፓርኩ አስተዳደር የጻፏቸው ደብዳቤዎች በመዝገብ ተቀምጠዋል፤ አብዛኛው ፈቃድ ጥያቄ ነው። ከድሮ ቤቴ መስኮቱን ልወስድ? በሩንስ? የወደቀውን እንጨት?

ከፈረሱት መካከል ሳይፈርስ የቀረ አንድ ቤት አለ። ጆርጅ ኮርቢን የሚባል ሰው በ1910 ከጎረቤቶቹ ጋር በደቦ የሠራው የግንድ ቤት ነው፣ ኒኮልሰን በሚባለው ሸለቆ ውስጥ። ሚስቱ የተቀበረችው እዚያው አጠገብ ነው። እሱ በ1938 ወጣ። በኋላ አንድ የእግር ተጓዦች ክለብ ቤቱን አደሰው፤ ዛሬ በኢንተርኔት ለአዳር ይከራያል። መብራት የለም፣ ማሞቂያው የእንጨት ምድጃ ነው፣ መኪና አይደርስም። ለሚቀጥለው ወር ለመያዝ ገጹን ከፍቼ አየሁት፤ ቅዳሜና እሑዶቹ በሙሉ ተይዘዋል።